ጊቤ ወይስ ኦሞ? የአንድ ወንዝ ብዙ ስሞች

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ከአቦል ጀምራችሁ በረካ ላይ ብትጨርሱት አይከፋም።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጅማ ላይ የዘነበ ዝናብ መጨረሻው የት ነው?

ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ አብዛኛው ተማሪ "አባይ!" ይላል። ቀጥሎ "ባሮ" የሚል አይጠፋም። ሁለቱም አይደለም። ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱ በቦዬ ረግረግ በኩል አድርጎ ግልገል ጊቤ ይገባል። ግልገል ጊቤ ከትልቁ ጊቤ ጋር ይቀላቀላል። ትልቁ ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ ስሙ ኦሞ ይሆናል። ኦሞ ደግሞ ሄዶ ሄዶ ኬንያ ድንበር ላይ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ቱርካና መውጫ የለውም። ውሃው እዚያው በፀሐይ ይተናል። ስለዚህ የጅማ ዝናብ ባሕር አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

አሁን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አጋሮ እንሂድ። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። የጎማ ተራሮች ውሃ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል፣ ዴዴሳ አባይ ይገባል፣ አባይም ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በጅማና በአጋሮ መካከል ካሉት ተራሮች በአንዱ ጀርባ ላይ ቆማችሁ አስቡት። በቀኝ ትከሻችሁ ላይ ያረፈው ጠብታ ካይሮን ያያል፣ በግራ ያረፈው ቱርካና ቀርቶ ይደርቃል። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ደመና፣ የወረዱትም አንድ የቡና ጫካ ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። የውጭ ሊቃውንት ለሃምሳ ዓመት የተጨቃጨቁት እዚሁ እኛ ተራራ ላይ ነው።

*ስንት ጊቤ አለ?*

መጀመሪያ የሚያደናግረው ጊቤ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የምትጓዙ ሰዎች ባኮ አካባቢ ጊቤን ትሻገራላችሁ። ከአዲስ አበባ ጅማ የምትመላለሱ ደግሞ ወልቂጤን አልፋችሁ አበልቲ ሳትደርሱ፣ ጆሮ የሚደፍነውን ቁልቁለት ወርዳችሁ "ጊቤ በረሃ" የምንለው ቦታ ድልድዩ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ከባኮ በኩል የመጣው ወንዝ ነው፤ በመንገዱ ብዙ ገባር ስለሰበሰበ ትልቅ ሆኗል። የእናርያ፣ ማለትም የዛሬው ሊሙ፣ ሰዎችም ከራሳቸው ደን የሚወጣ ጊቤ አላቸው። የጅማው ደግሞ በከተማችን በደቡብና በምሥራቅ ዞሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ነው። ካርታ ላይ "ግልገል" የሚል ቅጽል የተሰጠው እሱ ነው።

ግልገል የፍየል ወይም የበግ ልጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወንዝን ግልገል ማለት በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ጣና የሚገባውንም ግልገል አባይ እንለዋለን። እናቲቱ ትልቋ ናት፣ ትንሹ ደግሞ ልጇ። ግን ልብ በሉ፣ ወንዝ ላይ ሲሆን ልጅና እናት ይገለባበጣሉ። ትንሾቹ ናቸው ትልቁን የሚወልዱት። ደግሞም በዳርቻው የተወለደ ሰው በወሬ መሃል "ግልገል" ሲል አትሰሙትም። "ጊቤ ሞላ"፣ "ጊቤ ወሰደው" ነው የሚለው። ለእሱ ሌላ ጊቤ የለማ! ከምን ሊለየው ነው? ቅጽሉ የሚያስፈልገው ከሩቅ ሆኖ ሁለቱንም ለሚያይ ሰው ነው፤ ለካርታ ሠሪ፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለመንገደኛ።

የወንዝ ስም የሚወጣው እንዲህ ነው። ሰው ደጁ ያለውን ወንዝ ልዩ ስም ላያወጣለት ይችላል፣ "ወንዙ" ካለ ይበቃዋል። ዋቢ ሸበሌን ውሰዱ። "ወቢ" በሶማልኛ ወንዝ ማለት ነው። ከጉራጌ ተራሮች ወርዶ ጊቤ የሚገባውም ወንዝ ዋቤ ይባላል። እነዚህ ሁለት ወንዞች አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ የሚፈሱ፣ የማይተዋወቁ ናቸው። ስማቸው ግን ተቀራራቢ ነው።

*ስሙ የሚቀየረው የት ነው?*

ታዲያ ጊቤ ኦሞ የሚሆነው የት ላይ ነው? ብዙ ካርታዎች ከዋቤ ጋር ከተገናኘ በኋላ ኦሞ ይሉታል። መሬቱ ላይ ግን "ከዚህ በታች ኦሞ" የሚል ምልክት አታገኙም። ውሃው ያው ውሃ ነው።

እኔ እንዲህ ይመስለኛል፦ የወንዝ ስም የሚቀየረው ሰው ተከትሎት መሄድ ባቆመበት ቦታ ነው። የእኛ ወንዞች ከደጋ ሲወርዱ ገደል ይሠራሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ቱርካና ሐይቅ ግን 360 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመሃል ያለው ሸለቆ ጥልቅ፣ ሞቃት፣ ወባና የቆላ ዝንብ ያለበት ነው። ከብት የያዘ፣ አጋሰስ የጫነ ነጋዴ እዚያ ውስጥ አይገባም። የጥንት የንግድ መንገዶቻችን የሚሄዱት በተራራ ጀርባ ላይ ነው፤ ወንዙን ቆርጠው ያልፉታል እንጂ አይከተሉትም። ስለዚህ የሊሙ ሰው ጊቤን መሻገሪያው ላይ ያውቀዋል። የዳውሮና የዎላይታ ሰው ኦሞን በራሱ መሻገሪያ ላይ ያውቀዋል። ዳሰነች ደግሞ ሐይቁ አፍ ላይ ያውቀዋል። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ሰይሟል። ቁራጮቹን የገጣጠመ ግን አልነበረም።

ይህ የጊቤ ብቻ ዕጣ አይደለም። ተከዜም ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰቲት ይባላል፣ ሱዳን ውስጥ ደግሞ አትባራ ይሆናል። ባሮም ደቡብ ሱዳን ገብቶ ሶባት ነው። ግን ተከዜና ባሮ የት እንደሚደርሱ ቶሎ ታወቀ። የጊቤ መጨረሻ እስኪታወቅ ብዙ ዓመት ፈጀ።

የሚገርመው የጊቤ ስም ወደ ታች አልወርድ ብሎ ወደ ጎን መስፋቱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ የነበሩት አምስት መንግሥታት በአፋን ኦሮሞ "ጊቤ ሸነን" ይባላሉ፣ አምስቱ ጊቤዎች እንደማለት ነው። እነሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። በካርታ ብትከታተሉት ግን ጎማና ጉማ ውሃቸው በዋናነት ወደ ዴዴሳ ነው የሚሄደው። የጌራ ውሃም ወደ ጎጀብ ይወርዳል፤ ጎጀብ ኦሞ የሚገባው እጅግ ወደ ታች ወርዶ ነው። የወንዝ ስም የአገር ስም ሆኗል ማለት ነው። ከሸዋ በኩል ለሚመጣ ሰው ጊቤን ከተሻገረ በኋላ ያለው ሁሉ "ከጊቤ ማዶ" ነውና!

*የውጭ ሰዎች ጭቅጭቅ*

ጊቤን የጻፉ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ፖርቱጋሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1613 አባ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለ ኢየሱሳዊ፣ ከአፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ጋር ሆኖ በደቡብ በኩል ወደ ማሊንዲ ባሕር የሚያደርስ መንገድ ሊፈልግ ተነሣ። እናርያን አልፎ ወደ የም ሲሄድ ጊቤ ፊቱ ቆመ። ድልድይ የለም፣ ታንኳ የለም። ላም አርደው፣ ዕቃቸውን ቆዳዋ ውስጥ አስገብተው፣ ነፍተው አሰሩትና በሱ ተንሳፈው ተሻገሩ። ጉዟቸው ከከምባታ ወዲያ አላባ ላይ ተቋረጠ እንጂ ባሕሩ ጋ አልደረሱም። የጊቤ ስም ግን በእነሱ አጻጻፍ "ዜቤ" ሆኖ የአውሮፓ ካርታ ላይ ገባ።

ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ዘለን 1840ዎቹ ላይ እንድረስ (እ.ኤ.አ. ነው)። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ትልቁ እንቆቅልሽ የነጭ አባይ ምንጭ የት ነው የሚለው ነበር። አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እናርያ ገባ። ያኔ እናርያን የሚገዛው አባ ባጊቦ ነበር። ሰቃ ገበያ የምትደምቅበት፣ ከከፋም ከጎጃምም ነጋዴ የሚገናኝበት ዘመን ነው። ዳባዲ ነጋዴዎችን እያስቀመጠ ጠየቀ፣ ተራሮቹን በመሣሪያ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1846 መጀመሪያ ወንድማማቾቹ ባቢያ የተባለ ደን ውስጥ የእናርያው ጊቤ ምንጭ ላይ ደረሱ፤ "የነጭ አባይን ምንጭ አገኘን" አሉ። አስቡት እስኪ፣ ዓለም ሁሉ የሚፈልገው ምንጭ ሊሙ ቡና ጫካ ውስጥ!

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አልተቀበለም። ጎጃም ተቀምጦ ከነጋዴዎች የሰበሰበው የራሱ መረጃ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1850 ዳባዲ ከፋ መድረሱን ራሱ የሚጠራጠር ጽሑፍ አሳተመ። ሌሎች ደግሞ ወንዙ ወደ ጁባ ዞሮ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል ብለው ገመቱ። ሶባት ይገባል ያሉም ነበሩ። በአጭሩ ለአንድ ጊቤ ሦስት መጨረሻ ተሰጠው፦ ሜዲትራኒያን፣ ህንድ ውቅያኖስ፣ ወይም በመሃል ያለ ያልታወቀ ሐይቅ።

ዳባዲ ሞኝ አልነበረም፤ ኢትዮጵያን በዚያ ዘመን እንደሱ የለካት ሰው የለም። የተሳሳተው ግን ያላየውን በመገጣጠሙ ነው። ዴዴሳና ጊቤ ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ነው የሚወለዱት፤ አንዱ አባይ ከገባ ሌላውም መግባቱ የማይቀር መሰለው። እ.ኤ.አ. በ1862 ስፒክ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ ካየ በኋላ ጊቤ ከዚያ ውድድር ወጣ። የት እንደሚገባ ግን አሁንም አልታወቀም።

እ.ኤ.አ. በ1888 ሁለት ነገር ሆነ። ከደቡብ ቆንት ቴሌኪና ፎን ሄኔል የተባሉ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሰዎች ትልቅ ሐይቅ ላይ ደረሱና በአልጋ ወራሻቸው ስም "ሩዶልፍ" አሉት። ከሰሜን በኩል ደግሞ ፈረንሳዊው ዡል ቦሬሊ ጅማ አባ ጅፋር አገር መጥቶ ስለ ኦሞ ይጠይቅ ነበር፤ ወንዙ ሐይቅ እንደሚገባም ሰማ። ሁለቱን ጫፍ በእግሩ ያገናኘው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲገባ አየው። ጥያቄው ተዘጋ።

ዓመተ ምሕረቱን አስተዋላችሁ? በእኛ 1888 ነው፤ አድዋ! አገሩ ሰሜን ላይ በተሸነፈበት ዓመት እሱ ደቡብ ላይ ወንዝ ይከተል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወለጋ ውስጥ ተዋግቶ ሞተ። ጣሊያኖች ግን ወንዙን "ኦሞ ቦቴጎ" ብለው ካርታቸው ላይ ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1898 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ይዘው ከከፋ ተነሥተው ሐይቁ ድረስ ወረዱ፤ የዛሬው ደቡብ ምዕራብ ድንበራችን መሠረት ያ ዘመቻ ነው።

ዛሬ ኦሞ ቦቴጎ የሚል ሰው የለም። ሩዶልፍም እ.ኤ.አ. በ1975 በኬንያ መንግሥት ቱርካና ተብሏል። ለሹመት የተለጠፈ ስም ባለቤቱ ሲሄድ ይሄዳል። ጊቤና ኦሞ ግን አሉ፤ በየቀኑ የሚጠራቸው ሰው ስላለ።

አንድ ነገር ግን ለዳባዲ እንፍረድለት። ከ5,000 ዓመት በፊት፣ አፍሪካ ከዛሬ ይልቅ ዝናባማ በነበረችበት ዘመን፣ ቱርካና ሐይቅ ከዛሬው በብዙ አሥር ሜትር ከፍ ብሎ ሞልቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ አባይ ተፋሰስ ይፈስ ነበር። ዛሬ በቱርካና ውስጥ የአባይ ዓሣና የአባይ አዞ ዘር የሚገኘው ለዚህ ነው። ጊቤ በእርግጥም የአባይ ገባር ነበረ እኮ! ዳባዲ ብዙ ሺህ ዓመት ዘግይቶ ነው የደረሰው።

*ግልገሉ ግድብ*

አሁን ወደ ዘመናችን። ግልገል ጊቤ 1 እዚሁ ጅማ ዞን፣ ሰኮሩ በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ፣ 184 ሜጋዋት። ስሙ ትክክል ነው፣ ግልገል ጊቤ ላይ ነውና። ግልገል ጊቤ 2 ደግሞ የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። ከመጀመሪያው የወጣውን ውሃ ተቀብሎ በፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ያሳልፍና ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ይለቀዋል፤ 420 ሜጋዋት። ዞሮ የሚሄደው ወንዝ ተራራ ተበስቶለት አቋራጭ ሄደ ማለት ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ነው፤ ከፍታው ከ240 ሜትር በላይ፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋዋት። የሚገኘው በዎላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ላይ ነው። በዜና ግን እሱም "ግልገል ጊቤ 3" ተባለ። ያን የሚያህል ግንብ፣ ትልቁ ወንዝ ላይ ተቀምጦ፣ ግልገል!

ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ለምን ብትሉ ሳያስቡትም ቢሆን እውነቱን ተናግረዋልና። እዚያ ታች ያለው ውሃ የኛው ግልገል ነው። ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከቀርሳ፣ ከኦሞ ናዳ የወረደ ነው። ደግሞ ያስተዋላችሁ እንደሆነ "ኦሞ" የሚለው ስም እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ የወረዳ ስም ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱ ስሞች እዚህ ጎረቤት ናቸው።

*ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?*

ሰሞኑን ደግሞ "ጊቤ የኛ ነው፣ ኦሞ የነሱ ነው"፣ "ግልገል የሚለው ቃል ይነሣ"፣ "አይነሣም" የሚል ክርክር በየገጹ አያለሁ። ስም ቁም ነገር ነው፣ አልንቀውም። ግን ሁለት ስም መኖሩ ሁለት ወንዝ አያደርገውም። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙ ሁለት ስለሆነ ወንዙም ሁለት የሚመስለን መሆናችን ነው።

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ላይ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። ዜናውን "ደቡብ ኦሞ" ብለን ሰማነው፣ አዝነን አለፍን። የዚያ ውሃ አንድ ክፍል እኛ ጣሪያ ላይ የዘነበ ነበር። ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚያገኘው ከኦሞ ነው። ታች ያለው ገበሬ ለዘመናት ጎርፉ ሲመለስ የሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ሲዘራ ኖሯል። የደለሉ አፈር የማን ይመስላችኋል? ከኛ ተዳፋት የታጠበ ነው። ከሦስተኛው ግድብ በኋላ ግን ያ የየዓመቱ ጎርፍ እንደ ድሮው አይመጣለትም። መብራቱ እኛ ቤት ይበራል፣ የእርሻው ጥያቄ እሱ ደጅ ቀርቷል። ይህን ማወቅ መብራቱን አያጠፋም፤ ግን ዕዳ እንዳለብን ያስታውሳል።

በኛም በኩል አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ማጠቢያዎቹ ሲሠሩ የወንዞቻችንን ቀለም ታውቁታላችሁ፣ ሽታውንም። የቡና ልጣጭና የፍላት ውሃ ወንዝ ሲገባ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፣ ዓሣም ሌላም ነፍስ ይታፈናል። ከማጠቢያው በታች ያለች እናት ግን ያንኑ ውሃ ትቀዳለች። የተራቆተው ኮረብታ አፈርም ግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ደለል በሞላ ቁጥር ግድቡ የሚይዘው ውሃ ይቀንሳል። የቡና ጥላ ዛፍ ስንቆርጥ የምንቆርጠው መብራታችንንም ነው።

ከመጨረሴ በፊት የቤት ሥራ (አስተማሪ አይደለሁ!)። ትልልቆቹ ወንዞች ስማቸው ተጽፎላቸዋል፤ የሚጠፋው የትንንሾቹ ነው። ጅማ፣ አጋሮ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት፣ ጌራ፣ ሰቃ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ ያላችሁ፤ ከቤታችሁ አጠገብ ያለውን ጅረት ስሙን ሽማግሌ ጠይቁ። ማን አወጣለት? ምን ማለት ነው? የሚገባው የት ነው? ጊቤ፣ ጎጀብ ወይስ ዴዴሳ? ቀበሌውን ጨምራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰብስቤ በሚቀጥለው ዙር አንድ ላይ አወጣዋለሁ፣ ለተማሪዎቼም አስተምርበታለሁ። አያቶቻችን ሳይነግሩን ካለፉ ያን ስም ከየትኛውም ካርታ ላይ አናገኘውም።

ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም አትቅሩ፤ የልጅነታችሁን የዋና ቦታ ስም እንደማትረሱት አውቃለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።